ማንጎ የሚሸተው ኒኮቲን

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቬፕ፣ ማለትም ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው። ቬፕ የሚስቡ ሰዎች፣ በተለይ እንደ ትርፍ ጊዜ መዝናኛ የያዙት፣ አዘውትረው የሚሉት ነገር አለ፦ «መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሰውነቴ ይነግረኝ ነበር። አያስለኝም፣ ደረቴን አይከብደኝም፣ ሽታውም ደስ ይላል።» ይህን አነጋገር ዛሬ በቁም ነገር እንይዘዋለን፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሰውነት በእርግጥ ይናገራል። ስለ የትኛው አደጋ ይናገራል፣ ስለ የትኛውስ ዝም ይላል የሚለውን ነው የምናየው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ቬፕ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ጥጥና ፈሳሽ ነው። ባትሪው የተጠመጠመችውን ትንሽ ሽቦ ያግላታል። ጥጡ ፈሳሹን እየመጠጠ ወደ ሽቦዋ ያደርሳል። ፈሳሹ ይተንና ሰውየው ይስበዋል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በላያቸው ላይ ማጣፈጫና ኒኮቲን ይጨመራል። የሚነድ ቅጠል ስለሌለ እንደ ሲጋራው ጥቁር ዝፍት ሳንባ ላይ አይለጥፍም። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት የሠራው ሆን ሊክ የሚባል ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ሲሆን ጊዜውም 2003 ነው። ራሱ አጫሽ ነበር፤ አባቱ ደግሞ በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። ስለዚህ ነገሩ የተጀመረው በመልካም አሳብ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም።

ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን ከሲጋራ ማቆሚያነቱ በተጨማሪ ራሱን የቻለ መዝናኛ ሆነ። ሽቦውን በገዛ እጃቸው የሚጠመጥሙ፣ ጥጥ የሚያማርጡ፣ ፈሳሹን በመርፌ እየለኩ ቤታቸው የሚቀምሙ ሰዎች መጡ። የደመና ውድድር የሚባል ነገርም አለ። ሁለት ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከኋላቸው እንደ ማስመሪያ የተሰመረ ግድግዳ አለ፤ ዳኛው የማን ጭጋግ ርቆ እንደሄደ ያያል። ተመልካች ያጨበጭባል። እኔ በበኩሌ የዕደ ጥበብ ፍቅሩ ይገባኛል። ሰው በእጁ ሠርቶ ያስተካከለውን ነገር ይወዳል።

እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያውን ዝምታ እናገኛለን። ትልቅ ደመና ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፤ ብዙ ሙቀት ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ። በትምህርት ቤት የተማርነውን የኦም ሕግ እናስታውስ። ሙሉ ቻርጅ የሆነ የሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። ሽቦው 0.2 ኦም ከሆነ 4.2 ለ0.2 ሲካፈል 21 አምፔር ይሆናል። ተወዳዳሪው ደመናው እንዲያድግለት ሽቦውን ወደ 0.1 ኦም ካወረደው 42 አምፔር ሆነ ማለት ነው። በመዝናኛው የሚዘወተረው ባትሪ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር ነው፤ ጥሩ ጥሩዎቹ እንኳ ያለማቋረጥ እንዲሰጡ የተሠሩት 20 ወይም 30 አምፔር ነው። በመሣሪያው ውስጥ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ካለ ራሱ ያቋርጠዋል። አንዳንዶቹ የመዝናኛ መሣሪያዎች ግን መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ ባዶ የብረት ቱቦ ናቸው። 21 እና 42 አምፔር በእጅ ሲያዙ ልዩነት የላቸውም። አይሸቱም፣ አይሰሙም። እዚህ ቦታ ሰውን የሚያድነው የፊዚክስ ደብተሩ ነው። በ2018 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ፣ መሣሪያው ፈንድቶ ሰው ሞቷል። ከሞት መለስ ያለው ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ትርፍ ባትሪ ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር ሲቀመጥ ሁለቱ ጫፎች ይገናኙና ይግላል።

ሰውነት ለምን እንዲህ ዝም እንደሚል ለመረዳት አሁን ወደ ደመ ነፍስ እንለፍ። ሰው አንዳንድ ፍርሃቶችን ለመማር ተዘጋጅቶ ይወለዳል። ሱዛን ሚኔካና ባልደረባዋ ማይክል ኩክ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ በአሜሪካ ያደረጉት ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። በቤተ ሙከራ ተወልደው ያደጉ፣ እባብ አይተው የማያውቁ ዝንጀሮዎች ነበሩ። እባብ አያስፈራቸውም። ሌላ ዝንጀሮ እባብ አይቶ ሲደነግጥ በቪዲዮ ሲያሳዩአቸው ግን እነሱም መፍራት ጀመሩ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ቪዲዮውን ቆርጠው ቀጠሉት፤ ያው ዝንጀሮ አበባ አይቶ የደነገጠ እንዲመስል አደረጉት። ድንጋጤው ያው ነው፣ ጩኸቱም ያው ነው። ተመልካቾቹ ዝንጀሮዎች አበባን አልፈሩም። ፍርሃት ያገኘውን ሁሉ አይቀበልም ማለት ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ምርጫ አለው።

ሌላው ሙከራ ከዚህም ይበልጣል። በ1966 ጆን ጋርሲያና ሮበርት ኬሊንግ አይጦችን ጣዕም ያለው ውሃ አጠጧቸው፤ አይጦቹ ሲልሱ መብራት ብልጭ ይላል፣ ድምፅም ይሰማል። ከዚያ ግማሾቹን ሆዳቸውን እንዲያማቸው አደረጉ፣ ግማሾቹን በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። የታመሙት ጣዕሙን ጠሉ፤ መብራትና ድምፁን ግን ምንም አላሉትም። የተነዘሩት በተቃራኒው መብራትና ድምፁን ፈሩ፤ ጣዕሙን አልተቀየሙም። ሆድ ሲታመም አእምሮ «ምን በላሁ?» ይላል፤ ቆዳ ሲነካ «ምን አየሁ፣ ምን ሰማሁ?» ይላል። ጋርሲያ እንዳሳየው የምግቡን ቂም አይጧ ሕመሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ቢመጣም ትይዘዋለች። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣን የሳንባ በሽታ ግን ዛሬ ከሳብነው ትንፋሽ ጋር የሚያያይዝ አይጥም ሰውም የለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ያውም ውሻው ከጮኸ።

ይሁንና ኒኮቲንን በተመለከተ ሰውነት ሙሉ በሙሉ ዝም አይልም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የትምባሆ ተክል ኒኮቲንን የሚሠራው ነፍሳት ቅጠሉን እንዳይበሉት ነው። መርዝ ነው። ስለዚህ ምላሳችን መራራነቱን ያውቀዋል፣ ጉሮሯችን ሲነካው ይቆጠቆጣል፣ ሳል ይነሳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ሰው ራሱ ይዞራል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ አንዳንዱም ያስመልሳል። አራት የጥንት ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ለብዙ አጫሽ የመጀመሪያዋ ሲጋራ የምታስጠላው ለዚህ ነው።

እነዚህ አራቱ ምን እንደሆኑ በ2015 በአሜሪካ ገበያ የወጣው ጁል የሚባል ቬፕ ላይ ማየት ይቻላል። ከዚያ በፊት ቬፕ ውስጥ ያለው ኒኮቲን መጠኑ ከፍ ሲል ጉሮሮ ይፍቅ ነበር፤ ሳቢው ራሱ ይተወው ነበር። የጁል ሠሪዎች ቤንዞይክ አሲድ ጨመሩበት። አሲዱ ኒኮቲኑን ወደ ጨው ይለውጠዋል፣ ቁጥቆጣውም ይለዝባል። በዚህ ዘዴ ያንድ ሚሊሊትር ፈሳሽ ኒኮቲን ወደ 59 ሚሊግራም ደረሰ፤ የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው ጣሪያ 20 ነው። አንዷ ትንሽ የፈሳሽ መያዣ፣ ካርትሬጅ የምትባለው፣ ከአንድ ፓኬት ሲጋራ የሚገኘውን ያህል ኒኮቲን ያዘች፤ ጉሮሮ ግን አላጉረመረመም። መራራውን ጣፋጭ ማጣፈጫ ሸፈነው። ሜንቶል ያለበት ከሆነ ደግሞ ቅዝቃዜ የሚሰማንን ነርቭ ስለሚነካ የቀረውን ቁጥቆጣ ያደነዝዛል። ማዞሩና ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀናት ልምድ ራሱ ይለቃል። «አያስለኝም» የሚለው ወጣት እውነቱን ነው። እንዳያስለው ተደርጎ ነው የተሠራው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2019 ከመቶ ተማሪ 27.5ቱ ባለፈው ወር ቬፕ ስበናል ብለው ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ ወደ 7.8 ወርዷል።

ፍትሐዊ ለመሆን ደመ ነፍስ ያሸነፈበትን አንድ ቦታም ልናገር። በ2015 መጀመሪያ ታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ ወጣ፤ ቬፕ በከፍተኛ ቮልት ሲሠራ ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን ካንሰር አምጪ በብዛት ያመነጫል የሚል። ዓለም ተደናገጠ። ኮንስታንቲኖስ ፋርሳሊኖስ የሚባል ግሪካዊ የልብ ሐኪም ከዚያ በኋላ ልምድ ያላቸውን ሳቢዎች ጠርቶ መሣሪያውን አስሞከራቸው። መርዙ ከልክ በላይ የሚበዛው ጥጡ ደርቆ ሽቦው ጥጡን ሲያሳርር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጣዕሙ የአረረ፣ ጉሮሮ የሚቆርጥ ስለሚሆን ሳቢው ወዲያው ከአፉ ያወጣዋል። ማረርን እናውቀዋለን። እሳት ከሰው ጋር ረጅም ዘመን ኖሯል፤ ያረረ ነገር ሲቀርበን የሚከለክለን ማንም ሳያስተምረን ነው።

ሽታው ጥሩ ሲሆንስ? በ2000 በሚዙሪ ግዛት ጃስፐር በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን እናንሳ። በማይክሮዌቭ የሚፈነዳ ፈንዲሻ የሚያሽግ ፋብሪካ ነበር። ስምንት የቀድሞ ሠራተኞቹ ትንንሾቹ የአየር ቱቦዎች ጠባሳ ይዘው የሚደፈኑበት፣ የማይመለስ የሳንባ በሽታ እንደያዛቸው ተረጋገጠ። ይበልጥ የተጎዱት ማጣፈጫውን የሚያዋሕዱት ነበሩ። ጥፋተኛው ዳያሲቲል የሚባል፣ የቅቤ ሽታ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። ሲበላ ጉዳት የለውም ተብሎ የተፈቀደ ነው፤ ሆድ ይችለዋል፣ ሳንባ ግን አይችለውም። አፍንጫ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ቅቤ ሲሸተው ምራቅ ይመጣል እንጂ በር አይዘጋም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በኋላ 51 የቬፕ ማጣፈጫዎችን መርምረው በ39ኙ ውስጥ ዳያሲቲል አገኙ። ዛሬ ብሪታንያ በቬፕ ፈሳሽ ውስጥ ከልክላዋለች። በቬፕ ምክንያት ያ የፈንዲሻ ሠራተኞች በሽታ ያዘው ተብሎ የተረጋገጠ ሰው እስካሁን የለም፤ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ ውሸት ይሆናል።

በ2019 ክረምት ደግሞ በአሜሪካ ጤነኛ ወጣቶች ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ትኩሳትና ማስመለስ ይዟቸው ሆስፒታል መጉረፍ ጀመሩ። እስከ የካቲት 2020 አጋማሽ ድረስ የተመዘገቡት 2,807፣ የሞቱት 68 ናቸው። ዋናው ተጠያቂ በሕገወጥ መንገድ በተሸጡ የካናቢስ ቬፖች ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር። ከ51 ታማሚዎች ሳንባ በተወሰደ ፈሳሽ፣ በ48ቱ ውስጥ ተገኘ፤ ለንጽጽር ከተመረመሩት 99 ጤነኞች በአንዳቸውም አልተገኘም። ይህ ነገር በቆዳ ቅባት ውስጥ ያለ፣ ሰው የሚውጠው ቫይታሚን ነው። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ለምን ተጨመረ? ገዢዎች የካናቢሱ ዘይት እንዳልቀጠነ የሚያረጋግጡበት ዘዴ ነበራቸው፦ ካርትሬጇን ይገለብጧትና የአየር አረፋዋ እንዴት እንደምትወጣ ያያሉ። ቀስ ካለች ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ስለዚህ ጥሩ ነው። ነጋዴው የገዢውን ዓይን አጥንቶ፣ አረፋዋን የሚያዘገይ ማወፈሪያ ገዛ። ገዢው ያደረገው ገበያተኛ ማር ሲገዛ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ነው፤ የገደለውም የተጠነቀቀበት መንገድ ነው።

እንግዲህ ሰው ደመ ነፍሱ የማይደርስበትን አደጋ እንዴት አድርጎ ያውቃል? ከምሰጣቸው መልሶች ሁሉ የምወደው ከቴክሳስ የመጣ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1937 ኒው ለንደን በምትባል የነዳጅ መንደር ትምህርት ቤት ፈነዳ። ወጪ ለመቀነስ ከነዳጅ መስክ የሚተርፈውን የተፈጥሮ ጋዝ ለማሞቂያ ይጠቀሙ ነበር። ጋዙ ከወለሉ በታች እየፈሰሰ ተጠራቀመ። ሽታ ስላልነበረው ማንም አላወቀም፤ በእንጨት ሥራ ክፍል አንድ የኤሌክትሪክ ማሽን ሲበራ ፍንጣሪው አቀጣጠለው። ወደ 300 የሚጠጉ ልጆችና መምህራን አለቁ። ከዚያ በኋላ የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ጋዝ ሻጮች የሚሸት ነገር እንዲጨምሩበት አስገደዱ፤ ሌላውም ተከተለ። ዛሬ ማድቤታችን ያለው የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ሲያፈተልክ የሚሸተን ያ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ጠረን የጋዙ አይደለም። መርካፕታን የሚባል፣ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነገር ነው። አፍንጫችን በጣም ጥቂቷን እንኳ ይለያታል። አደጋው ዝም ስላለ ሰዎች አፍ ሰጡት ማለት ነው።

አፍ ያልተሰጠውንም አደጋ እናውቃለን። ክረምት ሲገባ በከሰል ማንደጃ ቤት አሙቀው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ሲቀሩ በየዓመቱ እንሰማለን። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲያበቃ ደግሞ ሰው «አሁን በስሏል» ብሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ራስ ምታትና ድብታ ሲመጣ እንቅልፍ ይመስላል። በዚህ ረገድ የአገራችን እናቶች «ከሰል ይዛችሁ አትተኙ» የሚሉት ምክር ከአፍንጫ የመጣ አይደለም፤ ከቀብር የመጣ ነው።

በቬፕ የተደረገው የመርካፕታኑ ግልባጭ ነው። የሚሸት ነገር ተጨምሯል፤ ግን አደጋውን እንዲነግረን አይደለም። መራራው ላይ ማንጎ፣ እንጆሪና ቫኒላ ተደረበ። ሲጋራ ቢያንስ ልብስ ላይ ይቀራል። በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የምትኖር አንዲት እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ሲገባ አቅፋ ስማ ጃኬቱን ስታሸት ሲጋራ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ትይዘው ነበር። አሁን ግን፣

«ምን ጥሩ ጥሩ ትሸታለህ፣ የኔ ጌታ?»

«ማስቲካ ነው፣ እማዬ።»

ንግግሩ እዚያው ያልቃል። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ ጎን ተሰክቶ ቻርጅ የሚሆነው ነገር ፍላሽ ይመስላል። እናትየው ጥፋት የለባትም፤ አፍንጫዋም ዓይኗም ሥራቸውን ሠርተዋል። ስለዚህ ወላጆች በጠረን አትተማመኑ። ምንነታቸው የማይታወቅ ትንንሽ የፕላስቲክ ካርትሬጆች፣ የማታውቁት ቻርጀር፣ ልጁ ቶሎ ቶሎ ውሃ መጠጣቱ (ፕሮፒሊን ግላይኮል አፍ ስለሚያደርቅ)፣ ከክፍል መሃል እየወጣ ሽንት ቤት ማዘውተሩ ይበልጥ ይናገራሉ። ልጁን ስትጠይቁ ደግሞ በጩኸት አትጀምሩ፤ የያዘው ኒኮቲን ነው፣ በቁጣ አይለቅም።

አገር ቤት ያላችሁ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ሽያጭ ከልክሏል፤ ትምባሆንም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ አይቻልም። ብሪታንያ ሌላ መንገድ ይዛለች፦ የጤና አገልግሎቷ አጫሾችን ከሲጋራ ወደ ቬፕ እንዲሻገሩ ያበረታታል፤ ተስቦ የሚጣለውን ቬፕ ግን ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አግዳለች። ብሪታንያ የቆመችበት ማስረጃ አለ። በ2019 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሲጋራ ለማቆም ቬፕ ከተሰጣቸው ከመቶ 18ቱ ዓመቱን ሙሉ ሳያጨሱ ቆዩ፤ የኒኮቲን ፕላስተር፣ ማስቲካና የመሳሰሉት ከተሰጣቸው ግን 9.9 ብቻ። ይሁንና በቬፕ ሲጋራን ካቆሙት ከመቶ 80ዎቹ ዓመቱ ሲያልቅም ቬፑን አልተዉትም ነበር። በእኔ ግምት ሃያ ዓመት ላጨሰ ሰው ይህ ትርፍ ነው። ሲጋራ በአፉ ዞሮ ለማያውቅ የ16 ዓመት ልጅ ግን ከምንም ተነስቶ ዕዳ መግባት ነው።

ከመለያየታችን በፊት ቤት ውስጥ ይህ ዕቃ ላላችሁ ሁለት ነገር። ትርፍ ባትሪ በፕላስቲክ መያዣ ይቀመጥ፤ ሽፋኑ የተላጠ ባትሪ አይደገም፣ በተኛችሁበት ቻርጅ ላይ አይደር። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ የሕፃን እጅ ከማይደርስበት ይቆለፍ። ቀለሙም ሽታውም ከረሜላ ነው፤ ሕፃን ደግሞ ደስ የሚል ሽታ ያለውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ጥቂት ጉንጭ ሊገድለው ይችላል። ልጅ ቀምሶት ካስመለሰው፣ ካላበው፣ ከገረጣ ወይም ከተንቀጠቀጠ በግድ እንዲያስመልስ አታድርጉ፣ ይሻለው ይሆናል ብላችሁም አትጠብቁ። ቆዳው ላይ የፈሰሰውን በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ በሚሊሊትር ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን እንዳለው ከላዩ ላይ ማንበብ ይፈልጋል።